ጀርባዬን ተመልከቱ
የጃፓን ሴቶች እግር ኳስ አምበል የሆማሬ ሳዋ ታሪክ

በጃፓን አገር «ልጅ የሚያድገው የወላጁን ጀርባ እያየ ነው» የሚል አባባል አለ። ትርጕሙም ወላጅ በአፉ ከሚናገረው ምክር ይልቅ፥ ፊቱን ወደ ሥራው መልሶ ሲደክም ከኋላው የሚታየው ጀርባው ልጁን አብልጦ ያስተምረዋል ማለት ነው። በእኛም አገር ሕፃን ዓለምን አስቀድሞ የሚያየው በእናቱ ጀርባ ላይ ታዝሎ ስለ ሆነ፥ ይህ አነጋገር ለጆሮአችን እንግዳ አይሆንም።

ዛሬ ለአንባቢዎቻችን የምናቀርበው ታሪክ ይህንኑ አባባል በእግር ኳስ ሜዳ ላይ በሥራ የተረጐመች የአንዲት ጃፓናዊት ሴት ታሪክ ነው። ስሟ ሆማሬ ሳዋ ይባላል። ለአገሯ ብሔራዊ የሴቶች ቡድን 205 ጊዜ ተሰልፋ 83 ግቦች አግብታለች፤ በስድስት የዓለም ዋንጫና በአራት የኦሎምፒክ ውድድሮች ተካፍላለች፤ በ2011 ዓ.ም. ደግሞ የቡድኑ አምበል ሆና የዓለምን ዋንጫ አንሥታለች። ነገር ግን ይህን ጽሑፍ እንድናዘጋጅ ያነሣሣን የግቦቹ ብዛት አይደለም። ሌሎችን የሚመራ ሰው ክብሩ ከየት ይመጣል? ያንን ክብር ለሌላ ሊያስረክብ በሚገባው ጊዜስ እንዴት ይሆናል? እነዚህ ሁለት ጥያቄዎች በዚህች ሴት ሕይወት ውስጥ ጥርት ብለው ይታያሉ፤ ጥያቄዎቹም የኳስ ሜዳ ብቻ ሳይሆኑ የእያንዳንዱ ቤተ ሰብ ጥያቄዎች ናቸው። በዚህ ጽሑፍ የተመለከቱት ዓመታትና ወራት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

ከወንድሟ ኋላ ወደ ሜዳ

ሆማሬ ሳዋ ሴፕቴምበር 6 ቀን 1978 ዓ.ም. ከቶክዮ በስተ ምዕራብ በምትገኘው በፉቹ ከተማ ተወለደች። የዚህች ከተማ አካባቢ ለኢትዮጵያውያን ፈጽሞ ባዕድ አይደለም። በ1964 ዓ.ም. የቶክዮ ኦሎምፒክ ሲደረግ ሻምበል አበበ ቢቂላ በማራቶን ሩጫ ወደ ኋላ የዞረበት ቦታ የሚገኘው የፉቹ ጐረቤት በሆነችው በቾፉ ከተማ ነው። ሳዋ የተወለደችው ከዚያ ሩጫ ከ14 ዓመት በኋላ ቢሆንም፥ ወደ ፊት እንደምናየው የእርስዋና የእርሱ እግር አንድ ቀን በአንድ ሜዳ ላይ ሊገናኝ ነበረው።

እግር ኳስን የጀመረችው ገና የስድስት ዓመት ልጅ ሳለች ታላቅ ወንድሟን ተከትላ ነው። በዚያ ዘመን በጃፓን ሴት ልጅ ኳስ ስትጫወት ማየት የተለመደ አልነበረም። ለሴት ልጆች የተዘጋጀ ቡድን በአካባቢው ስላልነበረ ከወንዶች ልጆች ጋር ሆና ትጫወት ነበር፤ ወንዶቹ የሚገቡበት ውድድር ሁሉ ግን ለእርስዋ ክፍት አልነበረም። አንድ ልጅ ችሎታ እያለው በችሎታው ማነስ ሳይሆን በተፈጥሮው ምክንያት «አንተ አትገባም» ሲባል ከሁለት ነገሮች አንዱ ይደርስበታል፤ ወይ ልቡ ይሰበርና ይተወዋል፥ ወይም ነገሩን አጥብቆ ይይዘዋል። ሆማሬ አጥብቃ ያዘችው።

በ1991 ዓ.ም. ገና የ12 ዓመት ልጅ ሳለች በቶክዮ ስመ ጥሩ ወደ ነበረው ወደ ዮሚዩሪ ቤሌዛ የሴቶች ቡድን ገባች። ቤሌዛ ማለት በፖርቱጋል ቋንቋ ውበት ማለት ነው። በዚያም የዕድሜዋ እጥፍ ከሆኑ ሴቶች ጋር በአገሪቱ ከፍተኛ ውድድር ለመሰለፍ በቃች። በ1993 ዓ.ም. በዲሴምበር ወር በ15 ዓመቷ ለብሔራዊው ቡድን ተመረጠች፤ በመጀመሪያው ግጥሚያዋም በፊሊፒንስ ቡድን ላይ አራት ግቦች አገባች። ሁለት ዓመት እንኳ ሳይሞላ፥ በ1995 ዓ.ም. በስዊድን አገር በተደረገው የዓለም ዋንጫ ተሰለፈች። ያን ጊዜ ዕድሜዋ 16 ዓመት ነበረ።

አጀማመሩ እንዲህ የሚያስደንቅ ከሆነ ፍጻሜው ቶሎ ይመጣል ብሎ የሚያስብ ሰው ይኖራል። ነገሩ ግን እንዲያ አልሆነም። በ1996 ዓ.ም. የሴቶች እግር ኳስ ለመጀመሪያ ጊዜ በአትላንታ የኦሎምፒክ ውድድር ውስጥ ሲገባ የጃፓን ቡድን ሦስቱንም ግጥሚያ ተሸንፎ ተመለሰ። በ1999 ዓ.ም. በአሜሪካ በተደረገው የዓለም ዋንጫም ከካናዳ ጋር እኩል ከመውጣት በቀር የሩስያና የኖርዌይ ቡድኖች በሰፊ ልዩነት አሸነፉት። ከዚህም የተነሣ በ2000 ዓ.ም. በሲድኒ በተደረገው ኦሎምፒክ ሳይካፈል ቀረ።

የድርቅ ዓመታት

በዚያው ዘመን በጃፓን የኤኮኖሚ ድቀት ስለ ደረሰ፥ የሴቶችን ቡድኖች በገንዘብ ይረዱ የነበሩ ኩባንያዎች አንድ በአንድ እጃቸውን ሰበሰቡ። አንዳንዶቹ ቡድኖች ፈረሱ፤ የቀሩትም ተጫዋቾች ቢሆኑ አብዛኞቹ በቀን በልዩ ልዩ ሥራ ተቀጥረው እየዋሉ ማታ ማታ ልምምድ የሚያደርጉ ነበሩ። በኳስ ብቻ እንጀራዋን የምታገኝ ሴት በጣም ጥቂት ነበረች።

ሳዋ በ1999 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ትምህርቷን ትታ ወደ አሜሪካ ተሻገረች። የሃያ ዓመት ልጅ ስትሆን የአገሩን ቋንቋ ገና በሚገባ አልለመደችም ነበር። አካላቸው ከእርስዋ በሚበልጥ፥ ጉልበታቸውም በበረታ ሴቶች መካከል ቦታዋን ለማግኘት መታገል ነበረባት። ቁመቷ 165 ሳንቲ ሜትር ብቻ ስለ ነበረ በግፊያ ልታሸንፋቸው አትችልም፤ ስለዚህ ኳሱ ከመምጣቱ በፊት ወዴት እንደሚመጣ አስቀድሞ ማወቅን ተማረች። ከብዙ ዓመት በኋላ የዓለም ስም ያሰጣት ይህ ችሎታ የተገኘው ከአካሏ ማነስ መሆኑን ልብ ይሏል።

በ2001 ዓ.ም. በአሜሪካ የሴቶች የሙያ ውድድር ሲመሠረት አትላንታ ቢት ለተባለው ቡድን ተሰለፈች፤ በዚያም ሦስት ዓመት ተጫወተች። ነገር ግን በ2003 ዓ.ም. በሴፕቴምበር ወር፥ የዓለም ዋንጫ ሊጀመር ጥቂት ቀናት ሲቀሩ፥ ውድድሩ በገንዘብ እጦት ምክንያት መዘጋቱ ተነገረ። በአገሯ ያየችውን መከራ በባዕድ አገርም ደገመችው ማለት ነው። ወደ ቀድሞው ቡድኗ ወደ ቤሌዛ ተመለሰች።

በአበበ ቢቂላ ሜዳ

በ2004 ዓ.ም. የጃፓን የሴቶች እግር ኳስ በሁለት መንገድ ፊት ቆሞ ነበር። በአቴና ኦሎምፒክ ለመካፈል የሰሜን ኮሪያን ቡድን ማሸነፍ ግዴታ ሆነ፤ የሰሜን ኮሪያ ቡድን ደግሞ በእስያ ከሁሉ የበረታ ስለ ነበረ ጃፓኖች ለብዙ ዓመታት አሸንፈውት አያውቁም። የሲድኒው መቅረት ቢደገም ጥቂቶቹ የቀሩት ረዳቶች እንኳ ተስፋ ቈርጠው ይሄዱ ነበር። የአንድ ቀን ግጥሚያ ብቻ ሳይሆን የአንድ ትውልድ ሴቶች ልጆች ዕድል ተያይዞ ነበር።

ሳዋ ከግጥሚያው በፊት ጕልበቷ ክፉኛ ተጐድቶ ነበር። እንዲያውም በእግሯ ለመቆም የምትቸገር ስትሆን፥ ሕመም የሚያስታግስ መድኃኒት ወስዳ ልትሰለፍ ወሰነች። ኤፕሪል 24 ቀን 2004 ዓ.ም. በቶክዮ ብሔራዊ ስታዲየም 31,324 ተመልካች ተሰበሰበ፤ ለሴቶች ኳስ በጃፓን ይህን ያህል ሕዝብ መሰብሰቡ ያልታሰበ ነገር ነበረ። ግጥሚያው በተጀመረ ጊዜ ሳዋ የተጋጣሚን ኳስ በኀይል ተሻምታ ስትነጥቅ ያዩ ጓደኞቿ ልባቸው ተነሣሣ። ጃፓን 3 ለ 0 አሸነፈች።

ይህ ስታዲየም በ1964 ዓ.ም. አበበ ቢቂላ የማራቶንን ሩጫ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰኮንድ ፈጽሞ የገባበት ስታዲየም ነው። አበበም ወደ ቶክዮ የሄደው የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ከተደረገለት ብዙም ሳይቆይ መሆኑን አንባቢዎቻችን ያስታውሳሉ። አንዱ በቀዶ ሕክምና ቁስል፥ አንዲቱ በታመመ ጕልበት፥ በአርባ ዓመት ልዩነት በአንድ ሜዳ ላይ ድል አደረጉ። ያ አሮጌ ስታዲየም በ2015 ዓ.ም. ፈርሶ በቦታው አዲስ ቢሠራም፥ የሁለቱ ትዝታ ከድንጋዩ ጋር አልፈረሰም።

በዚያው ዓመት ለሴቶቹ ቡድን ቅጽል ስም እንዲወጣለት ሕዝቡ ሐሳብ እንዲሰጥ ተጠይቆ «ናዴሺኮ ጃፓን» የሚለው ተመረጠ። ናዴሺኮ በሜዳ የምትበቅል ለስላሳ ሮዝ አበባ ስትሆን፥ ጃፓኖች ከጥንት ጀምሮ ጨዋና ጭምት የሆነችውን ሴት በዚህች አበባ ይመስሏታል። ሴት ልጅ ኳስ ብትጫወት ጨዋነቷን ታጣለች ይሉ በነበሩበት አገር፥ የጨዋነት ምሳሌ የነበረው ስም ለኳስ ተጫዋቾቹ መሰጠቱ ታላቅ ነገር ነው።

የቃሉ ቀን

በ2008 ዓ.ም. ኖሪዮ ሳሳኪ የቡድኑ አሠልጣኝ ሆነ። እርሱም ሳዋን ከለመደችው የፊት አማካይ ቦታ ወደ ኋላ መልሶ በተከላካዮች ፊት እንድትጫወት አደረጋት። ያን ጊዜ 29 ዓመቷ ነበረ። ግብ ማግባት ለለመደ ተጫዋች ወደ ኋላ መመለስ እንደ መዋረድ ሊቈጠር ይችላል፤ ተመልካች የሚያጨበጭበው ግብ ላገባ እንጂ ኳስ ለነጠቀ አይደለምና። ሳዋ ግን በአሜሪካ የተማረችውን አስቀድሞ የማወቅ ችሎታ በዚህ ቦታ ላይ አዋለችው፤ የቡድኑም ምሰሶ ሆነች።

በዚያው ዓመት በቤይጂንግ ኦሎምፒክ ጃፓን ኖርዌይን 5 ለ 1፥ አስተናጋጇን ቻይናን ደግሞ 2 ለ 0 አሸንፋ ወደ ግማሽ ፍጻሜ ደረሰች። በዚያ በአሜሪካ ተሸንፋ ለነሐስ ሜዳልያ ከጀርመን ጋር መጋጠም ሆነባት። ታሪኩ ሲነገር የሚኖረው በዚህ ጊዜ ነው። ሳዋ ለጓደኞቿ የነገረቻቸው ቃል አጭር ነበረ፤ በጨነቃችሁ ጊዜ ጀርባዬን ተመልከቱ አለቻቸው። እርስዋ እስከ መጨረሻው ስለምትሮጥ፥ የደከመው ሁሉ እርስዋን አይቶ እንዲበረታ ማለቷ ነው።

ግጥሚያውን በጀርመን 2 ለ 0 ተሸነፉ፤ ሜዳልያም ሳያገኙ ወደ አገራቸው ተመለሱ። ቃሉ ግን አልተሸነፈም። ከእርስዋ በስድስት ዓመት የምታንሰው አያ ሚያማ ያን ቃል በልቧ ይዛ ኖረች፤ ሌሎቹም እንዲሁ። መሪ የሚናገረው ቃል የሚመዘነው በተናገረበት ቀን ውጤት ሳይሆን በሰሚዎቹ ውስጥ በሚያፈራው ፍሬ መሆኑን ቀጥሎ እናያለን።

የሐዘን ዓመት፥ የደስታ ዓመት

ማርች 11 ቀን 2011 ዓ.ም. በሰሜን ምሥራቅ ጃፓን ታላቅ የምድር መናወጥ ሆነ፤ ልኩም 9.0 ደረሰ። ከባሕር የተነሣው ማዕበል ከተሞችንና መንደሮችን ጠርጎ ወሰደ፤ የሞቱትና ደብዛቸው የጠፋው ወደ ሃያ ሺሕ ይጠጋል። በፉኩሺማ የሚገኘውም የአቶሚክ ኀይል ማመንጫ ተበላሽቶ በአካባቢው የነበረው ሕዝብ ቤቱን ጥሎ ተሰደደ። በዚያ ክፍለ ሀገር ማሪዜ የሚባል፥ የኀይል ማመንጫው ባለቤት የሆነው ኩባንያ ያቋቋመው የሴቶች ቡድን ነበረ፤ እርሱም ሥራውን አቋረጠ። ከብሔራዊው ቡድን ተጫዋቾች አንዷ አያ ሳሜሺማ እስከዚያ ጊዜ ድረስ በማሪዜ ትጫወት ነበር፤ ካሪና ማሩያማ ደግሞ ቀደም ሲል በዚያው ማመንጫ ተቀጥራ እየሠራች በቡድኑ ውስጥ ተጫውታለች።

ሦስት ወር ተኩል ያህል ቆይቶ በጀርመን የዓለም ዋንጫ ተጀመረ። የ32 ዓመቷ ሳዋ በአምበልነት የክንዷን ማሰሪያ አስራ፥ ለአምስተኛ ጊዜ ለዓለም ዋንጫ ወጣች። ጃፓን ኒውዚላንድን 2 ለ 1 አሸነፈች፤ ሜክሲኮን ሳዋ ብቻዋን ሦስት ግብ አግብታ 4 ለ 0 አሸነፈች፤ በእንግሊዝ ግን 2 ለ 0 ተሸነፈች። ከዚህ በኋላ በሩብ ፍጻሜ የገጠማት ባለቤቷ ጀርመን ነበረች። ይህች አገር ያለፉትን ሁለት የዓለም ዋንጫዎች በተከታታይ የወሰደች ስለ ነበረች፥ በገዛ ሕዝቧ ፊት ትሸነፋለች ብሎ የገመተ አልነበረም።

ከዚያ ግጥሚያ አስቀድሞ አሠልጣኙ ሳሳኪ ተጫዋቾቹን ሰብስቦ የምድር መናወጡን ጥፋት የሚያሳዩ ሥዕሎች አሳያቸው። ስለ ማን እንደሚጫወቱ እንዲያስቡ ነበር። በተጨማሪው ሰዓት በ108ኛው ደቂቃ ሳዋ ወደ ፊት ያሻገረችውን ኳስ ማሩያማ ሮጣ ደርሳ አገባችው፤ ቀድሞ በፉኩሺማ ማመንጫ ሠራተኛ የነበረችው ያችው ማሩያማ ናት። ጃፓን 1 ለ 0 አሸነፈች።

በግማሽ ፍጻሜ ከስዊድን ጋር ሲጋጠሙ በ10ኛው ደቂቃ ሳዋ ያቀበለችው ኳስ በተጋጣሚ ተነጥቆ ግብ ተቈጠረባቸው። አምበል ሲሳሳት ስሕተቱ ለሁሉም ይታያል፤ ቡድኑም ፊቱን ወደ እርሱ ይመልሳል፤ አንገቱን ቢደፋ ሁሉም ይደፋል። ሳዋ አንገቷን አልደፋችም። ናሆሚ ካዋሱሚ አቻ አደረገች፤ በ60ኛው ደቂቃ ራሷ ሳዋ በቴስታ ሁለተኛውን አገባች፤ ካዋሱሚም ሦስተኛውን ጨመረች። ስሕተትን ማረም በሰበብ ሳይሆን በሥራ እንደሆነ በ50 ደቂቃ ውስጥ አሳየች።

ጁላይ 17 ቀን በፍራንክፈርት ከተማ 48,817 ተመልካች በተገኘበት የፍጻሜ ግጥሚያ የጠበቀቻቸው አሜሪካ ነበረች። ጃፓን ከዚያ በፊት አሜሪካን አሸንፋ አታውቅም። አሌክስ ሞርገን በ69ኛው ደቂቃ አስቀድማ አገባች፤ አያ ሚያማ በ81ኛው አቻ አደረገች። በተጨማሪው ሰዓት አቢ ዋምባክ በ104ኛው ደቂቃ በቴስታ አሜሪካን እንደ ገና መሪ አደረገቻት። ሰዓቱ ሊያልቅ ሦስት ደቂቃ ሲቀረው ለጃፓን የማዕዘን ምት ተሰጠ። ሚያማ መታችው፤ ሳዋም ወደ ቅርቡ ቋሚ ሮጣ፥ ጀርባዋን ወደ ግቡ እንደ ሰጠች በቀኝ እግሯ ውጫዊ ገጽ ነካችውና ኳሱ መረብ ውስጥ ገባ። በዚያች ቅጽበት ጓደኞቿ ሁሉ ያዩት ጀርባዋን ነበረ ብንል ማጋነን አይሆንም።

ሪጎሬ በሚባለው የፍጹም ቅጣት ምት ግብ ጠባቂዋ አዩሚ ካይሆሪ ሁለት ኳሶች አዳነች፤ አንዱም ከአግዳሚው በላይ ወጣ። መጨረሻውን ምት መትታ ድሉን የፈጸመችው ግን አምበሏ ሳትሆን የሃያ ዓመቷ ተከላካይ ሳኪ ኩማጋይ ነበረች። ጃፓን 3 ለ 1 አሸነፈች፤ በወንድም ሆነ በሴት የዓለምን ዋንጫ የወሰደች የመጀመሪያዪቱ የእስያ አገር ሆነች። ሳዋ በአምስት ግቦች የውድድሩ ከፍተኛ ግብ አግቢ፥ ደግሞም የውድድሩ ምርጥ ተጫዋች ተብላ ሁለት ሽልማት ተቀበለች። ሚያማ ከጓደኞቿ ጋር ከመፈንደቋ አስቀድማ ወደ ተሸነፉት አሜሪካውያን ሄዳ ማጽናናቷም እስከ ዛሬ ይነገርላታል። ጃፓኖቹ ከግጥሚያዎቹ በኋላ የዓለምን ሕዝብ ስለ እርዳታው የሚያመሰግን ጨርቅ ዘርግተው ሜዳውን ይዞሩ ነበር።

ዋንጫው የሞተውን አላስነሣም፤ ማዕበል የወሰደውንም ቤት አልመለሰም። ነገር ግን ያዘነ ሰው በሐዘኑ መካከል ራሱን ቀና የሚያደርግበት ምክንያት ያስፈልገዋል፤ ያን ምክንያት እነዚህ ሴቶች ለሕዝባቸው ሰጡት። በኦገስት ወር የጃፓን መንግሥት የሕዝብ ክብር የተባለውን ሽልማት ለቡድኑ ሰጠ፤ ይህ ሽልማት ለአንድ ሰው ሳይሆን ለማኅበር ሲሰጥ የመጀመሪያው ነበረ። ጃንዩዋሪ 9 ቀን 2012 ዓ.ም. ደግሞ ሳዋ የአገሯን ልብስ ኪሞኖ ለብሳ በዙሪክ ከተማ የዓለም ምርጥ ሴት ተጫዋች ተብላ ተሸለመች። ከእስያ ይህን ክብር ያገኘ ከእርስዋ በፊት አልነበረም።

ማስረከብ

ብዙ የጀግና ታሪክ በዚህ ላይ ይፈጸማል። የሳዋ ታሪክ ከሁሉ ይልቅ የሚያስተምረው ግን ከዚህ በኋላ ነው ብለን እናምናለን።

የዓለም ምርጥ በተባለች በጥቂት ሳምንት ውስጥ፥ በዚያው በ2012 ዓ.ም. መጀመሪያ፥ አሠልጣኙ የአምበልነቱን ማሰሪያ ከእርስዋ ወስዶ ለአያ ሚያማ ሰጠ። በማርች ወርም ከውስጠኛው ጆሮ የሚነሣ የማዞር ሕመም ያዛትና ለመጫወት እስኪሳናት ድረስ ከሜዳ ራቀች። ሰው በክብሩ ጫፍ ላይ ሳለ ሥልጣኑንና ጤናውን በአንድ ወራት ሲያጣ ልቡ ሊመርር ይችላል። ሳዋ ከሕመሟ ከዳነች በኋላ ያለ ማሰሪያ ወደ ቦታዋ ተመልሳ፥ ትመራቸው በነበሩት መካከል እንደ አንዷ ሆና ተሰለፈች። በለንደን ኦሎምፒክ እስከ ፍጻሜ ደረሱ፤ ኦገስት 9 ቀን በዌምብሊ ስታዲየም 80,203 ሰው እያየ በአሜሪካ 2 ለ 1 ተሸንፈው የብር ሜዳልያ አገኙ። በቤይጂንግ ያጡትን ሜዳልያ በአዲሲቱ አምበል መሪነት አገኙት።

ከዚህም በኋላ ለአንድ ዓመት ያህል ከብሔራዊው ቡድን ውጭ የቆየችበት ጊዜ ነበረ። በ2015 ዓ.ም. በካናዳ ለተደረገው የዓለም ዋንጫ ተመልሳ ስትመረጥ 36 ዓመት ሆኗት ነበር። በስድስት የዓለም ዋንጫ መሰለፍ እስከዚያ ድረስ ያልታየ ነገር ነበረ። አብዛኛውን ጊዜ ግን የተቀመጠችው በተቀያሪዎች ወንበር ላይ ነው።

ጁላይ 5 ቀን በቫንኩቨር ከተማ በፍጻሜው ግጥሚያ እንደ ገና ከአሜሪካ ጋር ተገናኙ። ገና 16 ደቂቃ ሳይሞላ ለማለት በሚያስደፍር ፍጥነት አራት ግቦች ተቈጠሩባቸው። በ33ኛው ደቂቃ አሠልጣኙ ሳዋን ጠርቶ አስገባት። በገባችም ጊዜ ሚያማ የአምበልነቱን ማሰሪያ ከክንዷ ፈትታ ለሳዋ አሰረችላት። ማንም አላዘዛትም ነበር። ከሰባት ዓመት በፊት ጀርባዬን ተመልከቱ የተባለችው ታናሽ፥ በጨነቃት ጊዜ ያንኑ ጀርባ ፈለገች።

ጃፓን 5 ለ 2 ተሸነፈች። ሁለቱም ጊዜ፥ ቃሉ የተነገረበት የቤይጂንግ ግጥሚያና ማሰሪያው የተመለሰበት የቫንኩቨር ግጥሚያ፥ የሽንፈት ቀኖች መሆናቸውን ስናስተውል እንገረማለን። ለድል ቀን ብዙ መሪ አይጠፋም። ሰው ግን በእውነት ማንን እንደሚከተል የሚታወቀው ነገር ሁሉ በተበላሸ ጊዜ ነው።

ሳዋ በዚያው ዓመት በኦገስት ትዳር ያዘች፤ በዲሴምበርም ከእግር ኳስ ልትሰናበት መሆኑን አስታወቀች። የመጨረሻ ግጥሚያዋ ዲሴምበር 27 ቀን 2015 ዓ.ም. የተደረገው የእቴጌ ዋንጫ ፍጻሜ ነበረ። ትጫወትበት የነበረው የኮቤ ከተማ ቡድን የኒጋታን ቡድን 1 ለ 0 አሸነፈ፤ ያችን አንዲት ግብ በ78ኛው ደቂቃ ከማዕዘን ምት በቴስታ ያገባችው ራሷ ሳዋ ናት። ከዚህም በኋላ የአንዲት ሴት ልጅ እናት ሆነች።

በፍራንክፈርት የመጨረሻዪቱን ምት የመታችው ሳኪ ኩማጋይ በ2017 ዓ.ም. በተራዋ የብሔራዊው ቡድን አምበል ሆነች። ማሰሪያው ከሳዋ ወደ ሚያማ፥ ከሚያማም በኋላ ወደ ኩማጋይ ተላለፈ። በ2021 ዓ.ም. ደግሞ በጃፓን ለሴቶች ሙሉ የሙያ ውድድር ተቋቋመ፤ ሳዋ በልጅነቷ በወንዶች መካከል ብቻዋን ስትሮጥ ያልነበረ ነገር ማለት ነው።

ከዚህ ታሪክ የምናገኘው

ከአንባቢዎቻችን ብዙዎቹ የኳስ ተመልካቾች እንዳልሆኑ እናውቃለን። ነገር ግን አምበል የሌለበት ቤት የለም። በአንዱ ቤት አባት፥ በሌላው እናት፥ በሌላውም ወላጆቿን ያጣች ታላቅ እኅት ይህን ማሰሪያ አስራ ትኖራለች። ታናናሾች ምክር ሲሰሙ ጆሮአቸው ሊደክም ይችላል፤ ዐይናቸው ግን አይደክምም። አባት ሐሰት እየተናገረ ስለ እውነት ቢያስተምር፥ እናት እያማረረች ስለ ትዕግሥት ብትመክር፥ ልጁ የሚይዘው የሰማውን ሳይሆን ያየውን ነው። ጀርባዬን ተመልከቱ ለማለት የሚደፍር ሰው አስቀድሞ ጀርባው ምን እንደሚያሳይ ሊመረምር ይገባዋል።

ሁለተኛውም ትምህርት ከፊተኛው የከበደ ነው። መምራትን የሚወድ ብዙ ነው፤ ማስረከብን የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው። የቤቱን ቁልፍ ለልጁ ሚስት ለመስጠት የሚሳነው፥ ሥራውን ለተተኪው ለማሳየት የሚሰስት፥ ከወንበሩ በወረደ ማግስት ቤቱ እንዲፈርስ የሚመኝ ሰው በየስፍራው አለ። ሆማሬ ሳዋ ማሰሪያው ከክንዷ ሲፈታ ሥራዋን አልፈታችም። ስለዚህም በጭንቅ ቀን፥ ሳትጠይቅ፥ በሌላዪቱ እጅ ተመልሶ ታሰረላት። ክብርን አጥብቆ የያዘ ሰው ክብሩን ሌላ ይወስድበታል፤ በጊዜው የለቀቀ ግን ሌላው ራሱ መልሶ ያመጣለታል።

በመጨረሻም ሴት ልጅ ያላችሁ ወላጆች ሆይ፥ በፉቹ ከተማ አንዲት የስድስት ዓመት ሕፃን ወንድሟን ተከትላ ወደ ሜዳ በወጣች ጊዜ ቤተ ሰቧ «ይህ ለሴት አይሆንም» ብለው ወደ ቤት ቢመልሷት ኖሮ ከላይ ከጻፍነው ሁሉ አንዱም ባልሆነ ነበር። በልጃችሁ ላይ የምታዩት ስጦታ ኳስ ላይሆን ይችላል፤ ትምህርት ወይም የእጅ ሙያ ወይም ሌላ ይሆናል። ምንም ቢሆን ስጦታው የተሰጠው እንዲሠራበት ነውና፥ መንገዱን አትዝጉባት። አንድ ቀን የብዙዎች ዐይን ጀርባዋን ይመለከት ይሆናል።